ታርጋ የሚቀጣ ዳኛ፦ የዋሽንግተን የትራፊክ ካሜራዎችና ያልተቋጨው ክርክር

የትራፊክ ቅጣት ካሜራ ሲባል የመንገዱን ሁኔታ ለቁጥጥር ማዕከል የሚያስተላልፈው ተራ ካሜራ ሳይሆን፣ ደንብ የተላለፈን ተሽከርካሪ በራሱ ለይቶ፣ ፎቶግራፍ አንስቶና ታርጋውን መዝግቦ የቅጣት ወረቀት እንዲዘጋጅ የሚያደርገው መሣሪያ ነው። የመሣሪያው መነሻ የፖሊስ ጽሕፈት ቤት አለመሆኑ የታሪኩ አንድ ምፀት ነው። በ1953 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሞንቴ ካርሎን የመኪና ውድድር ያሸነፈው ሆላንዳዊው ሞሪስ ጋትሶኒደስ የፍጥነት መለኪያውን የሠራው ማንንም ለመቅጣት አስቦ ሳይሆን፣ ራሱ ኩርባዎችን ይበልጥ በፍጥነት የሚያልፍበትን ዘዴ ለማጥናት ነበር። ፍጥነትን ለመጨመር የተፈጠረው ዕቃ ጊዜው ሲደርስ የፍጥነት ጠላት ሆነ፤ የፈጣሪውም ስም በብዙ አገሮች ከቅጣት ጋር ተያይዞ ቀረ።

በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ዲሲ ቀይ መብራት ጥሰው የሚያልፉትን የሚያነሱት ካሜራዎች በ1999፣ ፍጥነት የሚለኩት ደግሞ በ2001 ሥራ የጀመሩ ሲሆን፣ ለሃያ ዓመታት ያህል በፖሊስ ሥር ከቆዩ በኋላ በ2019 ወደ ከተማዋ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ተዛውረዋል። ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው እየበዛ ሄዶ የሚያስገቡት ገንዘብ በዓመት ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል። በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሰፈሮች ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ ካሉት የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች ትልቁ ከሚባሉት አንዱ ስለሚኖር፣ ከነዚህም ውስጥ ብዙዎች በታክሲ፣ በሊሞዚንና በስልክ መተግበሪያ በሚጠራ የመኪና አገልግሎት ስለሚተዳደሩ፣ «ካሜራ አነሳኝ» የሚለው አነጋገር በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ እንደ ቤት ኪራይና እንደ ኢንሹራንስ የወር ሒሳብ ቋንቋ ሆኗል።

ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው ካሜራ ሕይወት ያድናል በሚሉና ካሜራ ኪስ ያጥባል በሚሉ ወገኖች መካከል ነው። ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ይዘዋል፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም የሚዘሉት አንድ ነገር አለ። ካሜራው የሚያየው ታርጋን ነው፤ አደጋ የሚያደርሰው ግን ሰው ነው። በታርጋውና በሰውየው መካከል ያለው ርቀት ሲጠብ ካሜራው እንደታሰበው ይሠራል፤ ርቀቱ ሲሰፋ ቅጣቱ በቀላሉ ሊያዝ በሚችለው ሰው ላይ ይከማችና ከሁሉ የባሰው አጥፊ ሳይነካ ያልፋል። የዋሽንግተንን ጉዳይ ከሌሎች ከተሞች ይልቅ አስተማሪ የሚያደርገውም ይኸው ርቀት በሁለት ግዛቶች ወሰን ሰፍቶ የሚታይባት ከተማ መሆኗ ነው።

አሠራሩን በቅርብ ማየት ክርክሩን ለመረዳት ይረዳል። የፍጥነት ካሜራ በራዳር ወይም በሌዘር ጨረር የተሽከርካሪውን ፍጥነት ይለካል፤ መለኪያው ከተወሰነው ጣሪያ ካለፈ ካሜራው በጥቂት ቅጽበት ልዩነት ሁለት ፎቶግራፎችን ያነሳል። የቀይ መብራቱ ካሜራ ደግሞ የመጀመሪያውን ፎቶ የሚያነሳው መብራቱ ቀይ ሆኖ መኪናው ገና ከማቆሚያው መስመር በስተኋላ ሳለ ሲሆን፣ ሁለተኛውን የሚያነሳው መኪናው መስቀለኛ መንገዱ መሐል ሲደርስ ነው፤ መብራቱ ከመቅላቱ በፊት የገባና ከቀላ በኋላ የገባ ሰው የሚለዩት በነዚህ ሁለት ፎቶዎች ነው። ከቀናት በኋላ በፖስታ የሚደርሰው ወረቀት ሁለቱን ፎቶዎች፣ ለብቻው ጎልቶ የተቆረጠውን የታርጋ ምስል፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የተፈቀደውንና የተመዘገበውን ፍጥነት ይይዛል። በወረቀቱ ላይ የማይገኘው የሾፌሩ ፊት ነው፤ ካሜራው የሚያነሳው ከኋላ ነውና። በዋሽንግተን ከተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት ከ10 ማይል በላይ ያለፈ መኪና ቢያንስ 100 ዶላር፣ ቀይ መብራት የጣሰ 150 ዶላር ይቀጣል፤ በተወሰነው ጊዜ ያልተከፈለ ቅጣት ደግሞ እጥፍ ይሆናል።

የደጋፊዎቹ ክርክር የሚነሳው ከሰው አካል ነው። የአሜሪካው ትሪፕል ኤ የትራፊክ ደህንነት ፋውንዴሽን በ2011 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በሰዓት 23 ማይል በሚሄድ መኪና የተገጨ እግረኛ የመሞት ዕድሉ በአማካይ 10 በመቶ ሲሆን፣ ፍጥነቱ 32 ማይል ሲደርስ ዕድሉ ወደ 25 በመቶ፣ 42 ማይል ሲደርስ ወደ 50 በመቶ ያድጋል። ሾፌር መሪ ላይ ተቀምጦ «አስር ማይል ምን አላት» የሚላት ልዩነት መንገድ ለሚሻገር ሰው የሞትና የሕይወት ልዩነት ናት ማለት ነው፤ ከተማዋ በ2020 የሰፈር ውስጥ መንገዶችን ፍጥነት ከ25 ወደ 20 ማይል ያወረደችውም በዚሁ ስሌት ነው።

ካሜራ ፍጥነትን ይቀንሳል ለሚለውም ማስረጃ አለ። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ገንዘብ የሚያቀርቡለት የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም በ2003 በዋሽንግተን ባደረገው ጥናት፣ ካሜራ በተመደበባቸው ቦታዎች አማካዩ ፍጥነት በ14 በመቶ ሲቀንስ፣ ከተፈቀደው በላይ ከ10 ማይል በሚበልጥ ፍጥነት የሚሄዱት ተሽከርካሪዎች ድርሻ በ82 በመቶ መውረዱን አግኝቷል። ይኸው ተቋም ሲልቨር ስፕሪንግን የምታቅፈውን የሜሪላንዷን ሞንትጎመሪ ካውንቲ ካሜራ ካልነበራቸው የቨርጂኒያ አካባቢዎች ጋር አነጻጽሮ፣ ካሜራ ሊተከልባቸው በሚችሉ መንገዶች ላይ አንድ አደጋ ሞት ወይም ከባድ የአካል ጉዳት የማድረሱ ዕድል በ19 በመቶ ዝቅ ማለቱን ገልጿል። በ2010 የታተመው የኮክሬን ግምገማ፣ ማለትም በአንድ ጉዳይ ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ሁሉ ሰብስቦ የሚመዝነው ሥራ፣ 35 ጥናቶችን መርምሮ ካሜራ ባለባቸው አካባቢዎች የግጭት ቁጥር ከ8 እስከ 49 በመቶ የቀነሰ መሆኑን አሳይቷል። በ8ና በ49 መካከል ያለው ስፋት ግን ራሱ የሚናገረው ነገር አለው፤ ገምጋሚዎቹም የጥናቶቹ ጥራት መካከለኛ መሆኑን ሳይሸሽጉ ጽፈዋል።

ለጥንቃቄያቸው አንዱ ምክንያት አጥኚዎች «ወደ አማካይ መመለስ» የሚሉት ነገር ነው። ካሜራ የሚተከለው ብዙውን ጊዜ ባለፈው ዓመት ብዙ አደጋ በደረሰበት ቦታ ነው፤ በአጋጣሚ ክፉ ዓመት ያሳለፈ መስቀለኛ መንገድ ደግሞ ምንም ባይደረግለት እንኳ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ተለመደው ቁጥሩ የመመለስ ዝንባሌ ስላለው፣ ይህን ያላገናዘበ ጥናት በአጋጣሚ የመጣውን ቅናሽ ሁሉ የካሜራው ውለታ አድርጎ ይቆጥራል። ሌላው ምክንያት ሾፌሮች ጠንቅቀው የሚያውቁት ነው፦ ካሜራው ጋ ሲደርሱ ፍሬን መያዝ፣ ሲያልፉት መልሶ ነዳጅ መርገጥ። ካሜራው ያለበትን ምሰሶ ሁሉም በቃሉ በያዘበት ከተማ አንድ ቋሚ ካሜራ የሚያርመው ጥቂት መቶ ሜትሮችን ብቻ ነው።

የቀይ መብራቱ ካሜራ ከፍጥነቱ ካሜራ ይልቅ አወዛጋቢ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የአውራ ጎዳና አስተዳደር በ2005 በሰባት አካባቢዎች ያሉ 132 መስቀለኛ መንገዶችን መርምሮ፣ አንዱ መኪና የሌላውን ጎን የሚመታበት ግጭት በ25 በመቶ ገደማ ሲቀንስ፣ ከኋላ የሚመጣው የፊተኛውን የሚገጭበት ግን በ15 በመቶ ገደማ መጨመሩን አገኘ። ቅጣት የፈራ ሾፌር ቢጫ ሲያይ በድንገት ፍሬን ይይዛል፤ ከኋላው ያለው ደግሞ ያልፋል ብሎ እየተከተለው ነው። የጎን ግጭት ይበልጥ ገዳይ ስለሆነ መሥሪያ ቤቱ የተጣራው ውጤት መጠነኛ ጥቅም ነው ብሎ ደመደመ። ነገር ግን በ2010 መራጮቿ ካሜራዎቹን በድምፅ ያስነሡባትን ሂዩስተንን ያጠኑ ኢኮኖሚስቶች በ2020 ባሳተሙት ሥራ፣ ካሜራዎቹ ጠቅላላውን የአደጋ ቁጥር መቀነሳቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም፤ አንዱ ዓይነት ግጭት ሲወርድ ሌላው ወጥቶ ሒሳቡን አቻችሎታል። ስለዚህ «ካሜራ» በሚለው አንድ ቃል የሚጠሩት ሁለት መሣሪያዎች አንድ ዓይነት ዳኝነት አይገባቸውም፤ ለፍጥነት ካሜራ ያለው ማስረጃ ጠንካራ ሲሆን፣ ለቀይ መብራቱ ያለው እንደ መስቀለኛ መንገዱ ይለያያል።

የቀይ መብራቱን ክርክር ያወሳሰበው ደግሞ ቢጫው ነው። ቢጫ መብራት ስንት ሴኮንድ መቆየት አለበት ለሚለው ጥያቄ መልስ የሰጡት በጄኔራል ሞተርስ ቤተ ሙከራ የሚሠሩት ዴኖስ ጋዚስ፣ ሮበርት ኸርማንና አሌክሲ ማራዱዲን ሲሆኑ፣ በ1960 ያሳተሙት ቀመር በሰዓት 30 ማይል ለሚሄድ መኪና 3 ነጥብ 2 ሴኮንድ ያህል ይሰጣል። ቢጫው ከሚገባው ካጠረ ሾፌሩ በደህና መቆምም ሆነ በጊዜ ማለፍ የማይችልበት ክፍተት ይፈጠራል፤ እዚያ ክፍተት ውስጥ የወደቀ ሾፌር ምንም ቢያደርግ ጥፋተኛ ነው። በቺካጎ የከተማው ዋና ተቆጣጣሪ በ2014 እንዳረጋገጠው፣ ቢጫው ዝቅተኛ መለኪያ ተደርጎ ከተያዘው 3 ሴኮንድ በጥቂት የሴኮንድ ክፍልፋይ አጥሮ ሳለ ወደ 77 ሺህ የሚጠጉ ቅጣቶች ተቆርጠዋል። ከሴኮንድ አንድ አሥረኛ በታች የሆነች ልዩነት በሰው ዓይን አትታይም፤ በአንድ መቶ ዶላር ስትባዛ ግን 7 ነጥብ 7 ሚሊዮን ዶላር ትሆናለች። የኦሬጎኑ ነዋሪ ማትስ ያርልስትሮም ቀመሩ የሚታጠፉትን መኪኖች ረስቷል ብሎ በመከራከሩ ያለፈቃድ የምሕንድስና ሥራ ሠርተሃል ተብሎ 500 ዶላር ከተቀጣ በኋላ፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ መብቱን ከማስከበሩም በላይ የትራንስፖርት መሐንዲሶች ማኅበር በ2020 መመሪያውን ሲያሻሽል የእርሱን ሐሳብ ተቀብሎታል።

የገንዘቡ ጉዳይ ሲነሳ ባልቲሞር መጠቀስ አለባት። የባልቲሞር ሰን ጋዜጣ በ2012 ባደረገው ምርመራ ካገኛቸው ቅጣቶች አንዱ 25 ማይል በሚፈቀድበት መንገድ 38 ማይል ሲሄድ ተገኘ የተባለ መኪና ሲሆን፣ ከቅጣቱ ጋር ተያይዞ የነበረው ቪዲዮ ግን መኪናው ቀይ መብራት ይዞት ቀጥ ብሎ መቆሙን፣ የፍሬን መብራቱም እንደበራ ያሳይ ነበር። ከተማዋ ራሷ ያስጠናችውና በ2014 ይፋ የወጣው ኦዲት ደግሞ ከቅጣቶቹ ከ10 በመቶ በላይ ስሕተት እንዳለባቸው አሳየ፤ በዓመት ወደ 700 ሺህ ቅጣት ይቆረጥ በነበረበት ጊዜ ይህ 70 ሺህ ያህል የተሳሳተ ቅጣት ማለት ነው። ፕሮግራሙ በ2013 ቆመ፤ እንደገና የተጀመረው በ2017 ነው። የሜሪላንድ ምክር ቤት በ2014 ኮንትራክተሮች በቆረጡት ቅጣት ልክ የሚከፈላቸውን ውል ከለከለ፤ በእያንዳንዱ ጥፋት ኮሚሽን የሚበላ ጠባቂ ጥፋት እንዲቀንስ የሚመኝበት ምክንያት የለውምና። በቺካጎ ደግሞ ውሉ ራሱ በጉቦ የተገኘ ሆኖ ተገኘ፤ ፕሮግራሙን ይመራ የነበረው የከተማው ባለሥልጣን ጆን ቢልስ በ2016 የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። እንዲህ ያለው ታሪክ ባለበት አገር ሕዝቡ ካሜራውን በጥርጣሬ ቢያየው የሚፈረድበት አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሳው የሕግ ጥያቄ ነው። ካሜራው ሾፌሩን ስለማያውቅ ሕጉ ባለንብረቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ይህም መኪናው በስሙ የተመዘገበው ሰው ጥፋቱን እንደፈጸመ የሚወስድ የሕግ ግምት ሲሆን፣ ባለቤቱ መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ወይም ሌላ ሰው ይነዳው እንደነበር በማስረዳት ሊያፈርሰው ይችላል። የዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2007 ይህ አሠራር በሕግ አግባብ የመዳኘትን መብት አይጥስም ብሎ ሲያጸድቅ፣ የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት የሚኒያፖሊስን ደንብ የማስረዳት ሸክሙን ከመንግሥት ወደ ባለመኪናው ያዞራል ብሎ ሽሮታል። ሕግ አውጪዎቹ ይህን አለመመጣጠን ያስታረቁት በአንድ ልውውጥ ነው፦ ሰውየው ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ቅጣቱ ገንዘብ ብቻ ይሆናል፣ መንጃ ፈቃድ ላይ ነጥብ አይያዝበትም። ልውውጡ ሚዛናዊ ቢመስልም ውጤቱ ከባድ ነው። ፖሊስ አስቁሞ የቀጣው ሰው ነጥብ እየተጠራቀመበት በመጨረሻ መንጃ ፈቃዱን ያጣል፤ ካሜራ ሃምሳ ጊዜ ያነሳው ሰው ግን መክፈል እስከቻለ ወይም መክፈል እስካላሰኘው ድረስ ይነዳል።

«መክፈል እስካላሰኘው» የሚለው ለማሳመር የተጨመረ አይደለም። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ በጆርጂያ ጎዳና ወደ ደቡብ የሚወርድ፣ ከተፈቀደው ፍጥነት 13 ማይል አሳልፎ የሚነዳ አንድ መኪና ይታሰብ። ኢስተርን ጎዳናን ከመሻገሩ በፊት በሜሪላንድ ካሜራ ፊት ቢያልፍ 40 ዶላር ይቀጣል፤ ወሰኑን ተሻግሮ ዲሲ ሲገባ ያው ፍጥነት 100 ዶላር ያስከፍለዋል፤ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ ሲደርስ ደግሞ በ2020 የወጣው የግዛቲቱ ሕግ በትምህርት ቤትና በመንገድ ሥራ አካባቢ እስከ 100 ዶላር እንዲቀጣ ይፈቅዳል። ሦስት አስተዳደሮች፣ አንድ የጠዋት ጉዞ። ዋናው ነገር ግን የቅጣቱ ልክ ሳይሆን ማን ሊያስከፍል ይችላል የሚለው ነው። ዲሲ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ጋር የካሜራ ቅጣትን እርስ በርስ ለማስፈጸም የሚያስችል ስምምነት የላትም። የዲሲ ታርጋ ያለው መኪና ቅጣቱ ካልተከፈለ ዓመታዊ ምዝገባው አይታደስለትም፤ የቨርጂኒያ ታርጋ ያለው ግን ምዝገባው የሚታደሰው ሪችመንድ ባለው መሥሪያ ቤት ስለሆነ የዲሲ ወረቀት ቤቱ ተደራርቦ ቢቀመጥ የሚነካው ነገር የለም። ከተማዋ የቀራት ዘዴ መኪናውን በክልሏ ውስጥ ቆሞ ስታገኘው ጎማውን መቆለፍ ወይም ጎትቶ መውሰድ ነው፤ በየቀኑ ከውጭ የሚገባው መኪና ብዛት ሲታይ ይህ ባሕርን በጭልፋ መቅዳት ነው።

የዚህ ክፍተት ዋጋ በማርች 2023 ታየ። በሮክ ክሪክ ፓርክዌይ ከፖሊስ የሸሸ አንድ መኪና በስልክ መተግበሪያ ተሳፋሪ ይዞ ይሄድ የነበረን ሌላ መኪና ገጭቶ ሾፌሩንና ሁለቱን ተሳፋሪዎች ገደለ። ሲጣራ የገጪው መኪና ታርጋ ከ40 በላይ ያልተከፈሉ ቅጣቶች፣ በገንዘብም ከ12 ሺህ ዶላር በላይ ዕዳ ተመዝግቦበት ተገኘ፤ አብዛኛዎቹ የፍጥነት ቅጣቶች ነበሩ። ካሜራዎቹ ሥራቸውን ሠርተዋል፤ አደጋው ከመድረሱ በፊት ከአርባ ጊዜ በላይ መስክረዋል። ምስክርነታቸውን ሰምቶ አንድ ነገር የሚያደርግ አካል ነው ያልነበረው። የከተማዋ ምክር ቤት ይህ ካለፈ በኋላ በ2024 ባወጣው ሕግ ዋና ዓቃቤ ሕጉ ከሌላ ግዛት የመጡ ተደጋጋሚ አጥፊዎችን በፍትሐ ብሔር እንዲከስ ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ዓቃቤ ሕግ ብራያን ሽዋልብም ከ2025 ጀምሮ ብዙ ሺህ ዶላር ዕዳ ባለባቸው ሾፌሮች ላይ ክስ መመሥረት ጀምረዋል። እያንዳንዱ ክስ ጠበቃና የፍርድ ቤት ጊዜ ስለሚጠይቅ መሣሪያው የሚያገለግለው ለጥቂቶቹ፣ ለከፉት ብቻ ነው።

ሸክሙ እነማን ላይ ያርፋል የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይገባል። ዲሲ ፖሊሲ ሴንተር የተባለው የጥናት ተቋም በ2018 ባወጣው ትንታኔ፣ ጥቁሮች በሚበዙባቸው ሰፈሮች የሚቆረጠው የትራፊክ ቅጣት ለነዋሪ ሲካፈል ነጮች በሚበዙባቸው ከሚቆረጠው ከ17 እጥፍ በላይ መሆኑን ጽፏል። ይህ ቁጥር ብዙ ተጠቅሷል፤ ሲጠቀስ ግን ሁለት ነገሮች ይረሳሉ። ጥቁሮች በሚበዙባቸው፣ ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ባሉት ሰፈሮች የሚያልፉት መንገዶች ከሜሪላንድ የሚመጣውን መኪና የሚያጎርፉ ሰፋፊ ጎዳናዎች ስለሆኑ የሚቀጣው ሁሉ የሰፈሩ ሰው አይደለም፤ በትራፊክ አደጋ የሚሞተው ሰው የሚበዛውም በነዚያው ሰፈሮች ነው። ካሜራው ከዚያ ይነሣ ቢባል በቅጣቱ የተማረሩት እፎይ ይላሉ፣ መንገድ የሚሻገሩት ልጆቻቸው ግን ለፍጥነቱ ይጋለጣሉ። ይህ ማለት ግን ቅሬታው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ጎዳናውን እንደ አውራ ጎዳና አስፍቶና አቅንቶ ሠርቶ፣ ሾፌሩ መንገዱ እንደጋበዘው ሲሮጥ መቅጣት የመሐንዲሱን ጥፋት ለሾፌሩ ማስተላለፍ ነው።

ዕዳው ደግሞ ድሃን በሌላ መንገድ ይይዘው ነበር። በዲሲ «ንጹሕ እጅ» በሚል ስም በሚታወቀው ሕግ ለከተማዋ ከ100 ዶላር በላይ ዕዳ ያለበት ሰው መንጃ ፈቃዱን ማሳደስ አይችልም ነበር። አንድ ያልተከፈለና እጥፍ የሆነ የካሜራ ቅጣት ብቻውን ከዚህ ጣሪያ ያልፋል፤ መንጃ ፈቃድ ያጣ ሰው ሥራ ያጣል፤ ሥራ ያጣ ሰው ደግሞ ዕዳውን አይከፍልም። የፌዴራል ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2022 ይህ አሠራር እንዲቆም አዟል፣ ሕጉም ተለውጧል። ኑሮው መሪ ላይ የሆነ ሰው ጉዳይ ግን በዚህ አልተዘጋም። የዲሲ ታክሲ ነጂ፣ የቢሮ ሠራተኛ በሳምንት አሥር ጊዜ የሚያልፍበትን ምሰሶ በቀን አሥር ጊዜ ሊያልፍበት ይችላል፤ ጥንቃቄው ከሁሉ የተሻለ ቢሆን እንኳ የመያዝ አጋጣሚው ብዙ ነው። ታርጋው የከተማዋ ስለሆነ የሚደበቅበት ወሰንም የለውም። ተሳፋሪው ፍጠንልኝ ሲል ቅጣቱን የሚካፈልበት ሕግ ግን አልወጣም።

በኢትዮጵያ ልማድ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር የሚደረግ ንግግር የራሱ ሥርዓት አለው፤ ሾፌሩ ከመኪናው ይወርዳል፣ ሰላምታ ያቀርባል፣ «የዛሬን ይማሩኝ» ይላል። ካሜራ ይህን ቋንቋ አይሰማም። አለመስማቱ ሁለት ነገሮችን በአንድ ላይ ያስቀራል፦ ምሕረትንና ጉቦን። ወደ ሆስፒታል የታመመ የሚያሯሩጥ ሰው ምክንያቱን የሚያስረዳው መስቀለኛው መንገድ ላይ ሳይሆን ከሳምንታት በኋላ በጽሑፍ ነው፤ ባለሥልጣን የሚያውቀውም ሰው ስልክ ቢደውል ፎቶው አይጠፋም። በአሜሪካ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ይጨመርበታል። በ2016 በሚኒሶታ ፖሊስ መኪናውን አስቁሞ በጥይት የገደለው የፊላንዶ ካስቲል ጉዳይ እንዳሳየው፣ ለጥቁር ሾፌር የትራፊክ ፖሊስ መብራት ከኋላው ሲበራ የሚመጣው ነገር ቅጣት ብቻ ላይሆን ይችላል። መቶ ዶላር የሚጠይቅ ፖስታ የማንንም ልብ አያስደስትም፤ ግን መሣሪያ አልታጠቀም። የካሜራ ተቃዋሚዎች አብዛኛውን ጊዜ «ፖሊስ ይቆጣጠር» ሲሉ ይህን ሒሳብ አያስገቡም።

ቅጣት ሰውን የሚያርመው በክብደቱ ሳይሆን በአይቀሬነቱ ነው የሚለውን ሐሳብ ጣሊያናዊው ቼዛሬ ቤካሪያ በ1764 ካስተማረ ወዲህ ብዙዎች ደግመውታል፤ በእርግጥም ካሜራ ለዚህ ሐሳብ የተሠራ ይመስላል፣ ትንሽ፣ ፈጣንና የማይቀር ቅጣት። የሞንትጎመሪ ካውንቲ 40 ዶላር ከዲሲው 100 ዶላር ያነሰ ሆኖ ሳለ ውጤት ማሳየቱ ለዚህ ምስክር ነው። በዲሲ አይቀሬነቱ ለከተማዋ ታርጋ እንጂ ለጎረቤቶቿ አይሠራም፤ ይህን ጉድለት ቅጣቱን በማክበድ ለማካካስ መሞከር የሚከፍለውን ሰው ይበልጥ ማስከፈል እንጂ የማይከፍለውን ማስከፈል አይሆንም። ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር በ2015 «ቪዥን ዜሮ» በሚል ስም፣ ማለትም የትራፊክ ሞትን በ2024 ጨርሶ ለማጥፋት የተያዘውን ዕቅድ ሲያስጀምሩ በቀደመው ዓመት የሞተው ሰው 26 ነበር፤ በ2023 ቁጥሩ 52 ደርሷል። በነዚሁ ዓመታት ካሜራውም ገቢውም አድጓል። ይህ ካሜራ አይሠራም ማለት አይደለም፣ የወረርሽኙ ዘመን ባዶ መንገድና የመኪኖች መተለቅም በመላው አሜሪካ ሞትን አብዝተዋልና፤ ካሜራ ብቻውን እንደማይበቃ ግን በግልጽ ያሳያል።

የሚቀረው የገቢው ጥገኝነት ነው። በትክክል የሚሠራ ካሜራ ገቢው ከዓመት ዓመት መውረድ አለበት፤ ሾፌሮች ሲታረሙ የሚቀጣ ይጠፋልና። አንድ ከተማ ግን የካሜራ ገቢን በበጀቱ ውስጥ ለመጪዎቹ ዓመታት አስቀድሞ ሲመዘግብ፣ ሰዎች መፍጠናቸውን እንደሚቀጥሉ ተማምኖ መበደሩ ነው። በዲሲ የቅጣቱ ገንዘብ መንገዶችን ለማሻሻል ይዋል የሚለው ሐሳብ ምክር ቤቱ ውስጥ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ፣ በጀቱ ሲጠብ ገንዘቡ ወደ ጠቅላላው ካዝና እንዲዞር መደረጉ ተቃዋሚዎችን አጠናክሯል። በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት መሪ ዳግ ፎርድ በኖቬምበር 2025 የፍጥነት ካሜራዎችን በሙሉ በሕግ ሲያግዱ የተጠቀሙበት ክርክር ይኸው ነበር፤ በዋሽንግተንም ከተማዋን የሚቆጣጠረው ኮንግረስ ውስጥ ያሉ ሪፐብሊካን ተወካዮች ካሜራዎቹን ለማገድ ደጋግመው ሐሳብ አቅርበዋል። ከቅጣቱ የሚገኘው ገንዘብ ካሜራው በቆመበት መንገድ ላይ ለእግረኛ ማረፊያ ደሴት፣ ለጠበበ ማዞሪያና ለፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ቢውል፣ ካሜራው ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ ወደሌላ መንገድ የሚዛወርበት ሕግ ቢጻፍ፣ የተደጋጋሚ አጥፊ መኪና ታርጋው የየትም ይሁን ፍጥነቱን የሚገድብ መሣሪያ እንዲገጠምለት ቢገደድ፣ ተቃዋሚዎቹ ከያዙት ክርክር ግማሹ ይወድቃል።

ሜሪላንድ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ የ40 ዶላሩን ቅጣት በፍጥነቱ ልክ እስከ 425 ዶላር የሚያድግ አድርጋዋለች። በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ባለመኪና በራሱ ካውንቲ የሚደርሰውን ወረቀት ካልከፈለ ምዝገባው ይያዝበታል፤ በጆርጂያ ጎዳና ጥቂት መቶ ሜትሮች ወደ ታች ወርዶ በዲሲ ካሜራ የሚነሳው ግን፣ ጎማው አንድ ቀን መንገድ ዳር ተቆልፎ እስካላገኘው ድረስ፣ ፖስታውን ሳይከፍት ሊያስቀምጠው ይችላል።